ባሉበት ቆመው የሚሠሩ አሮጌ ሞተሮችና ወዳጆቻቸው

ሰው ከመደበኛ ሥራው በሚተርፈው ጊዜ ምን ይሠራል ቢባል መልሱ እንደየሰው ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ቴምብር ያጠራቅማል፤ ሌላው አሮጌ ገንዘብ ይሰበስባል፤ አንዱ አትክልቱን ሲኮተኩት፣ ሌላው ኳስ ሲመለከት ይውላል። በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ግን ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ቱታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን በግራሶ አጥቁረው፣ ከሰባና ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ፣ ዝገት የበላው፣ አንዳንዴም ዶሮ እንቁላል ስትጥልበት የኖረ የብረት ክምር ሲፈቱና ሲገጥሙ የሚውሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ጎረቤቶቻቸው «ለምን ይሆናቸዋል?» ብለው ቢስቁባቸው አይፈረድባቸውም። ሞተሩ ተጠግኖ ቢነሣ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ሰው አይጭንም፤ ዕቃ አያመላልስም፤ በቆመበት ሆኖ ቱክ ቱክ ይላል እንጂ።

የሆነ ሆኖ ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ከጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር አለው። እነዚህ ሰዎች ከጥፋት የሚያድኑት ብረቱን ብቻ አይደለም፤ ብረቱን የሚያስነሣውን ዕውቀት ጭምር ነው። ብረት በመጋዘን ቢቀመጥ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ የእጅ ዕውቀት ግን ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረውም ይህንኑ ነው። (የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትንሹ ሰው ሞተር

በመጀመሪያ፣ ባለበት ቆሞ የሚሠራ ሞተር ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የመኪና ሞተር መኪናውን ይዞ ይሄዳል፤ የመርከብም ሞተር እንዲሁ። ባለበት ቆሞ የሚሠራው ግን በሲሚንቶ መሠረት ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ወይም በትንሽ ጋሪ ላይ ተቀምጦ እስከ ሥራው ቦታ ድረስ ይጎተታል። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ እርሱ ይመጣል። በመዘውሩ ላይ በሚዞር ቺንጋ አማካይነት የውሃ መሳቢያውን፣ ወፍጮውን፣ የእንጨት መሰንጠቂያውን፣ የገለባ መቁረጫውን፣ የወተት ማለቢያውን፣ የበግ ጠጉር መሸለቻውን ወይም መብራት የሚሰጠውን ዲናሞ ያንቀሳቅሳል። አንድ ሞተር ያለው ገበሬ ጧት ውሃ ስቦበት፣ ቀትር ላይ ገለባ ቆርጦበት፣ ማታ ደግሞ ቤቱን መብራት ሊያበራበት ይችል ነበር።

ከዚህ በፊት የነበረው የእንፋሎት ሞተር ለታላላቅ ፋብሪካዎች እንጂ ለትንሽ ሰው የሚመች አልነበረም። ትልቅ የውሃ ማፍያ ጋን፣ የድንጋይ ከሰል ክምርና እሳቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ሥራ ለመጀመርም ውሃው ፈልቶ እንፋሎቱ እስኪበረታ መጠበቅ ግድ ነው። አንድ አናጢ ወይም አንድ አታሚ ይህን ሁሉ ወጪ ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ በፈለጉት ጊዜ የሚነሣ፣ ሥራ ሲያልቅ የሚጠፋ ትንሽ ሞተር የብዙ ሰው ምኞት ሆኖ ቆየ።

ይህን ምኞት ለመፈጸም መንገዱን ከጀመሩት አንዱ በፓሪስ ይኖር የነበረው ኤትየን ሌኗር ነው፤ በ1860 በጋዝ የሚሠራ ሞተር አውጥቶ አሳየ። ነገር ግን ሞተሩ ለሚሰጠው ኃይል የሚፈጀው ጋዝ እጅግ ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ኒኮላውስ ኦቶ የተባለው ጀርመናዊ በኮሎኝ ከተማ አጠገብ በዶይትስ በ1876 ባለ አራት ምት ሞተር ሠራ። ዛሬም የቤንዚን መኪና የሚሄደው በዚሁ በአራቱ ምት ሥርዓት ነው። በእንግሊዝ አገር ሞተሩን የመሥራት መብት ያገኙት በማንቸስተር የነበሩት የክሮስሊ ወንድማማቾች ናቸው። በ1886 የኦቶ የፈጠራ መብት በጀርመን ፍርድ ቤት ሲሻር በሩ ለሌሎች ፋብሪካዎችም ተከፈተ።

የጋዝ ቧንቧ ያልደረሰበት ገጠርስ ምን ይሁን? ኸርበርት አክሮይድ ስቱዋርት የተባለው እንግሊዛዊ ይህን አስቦ፣ ወፍራም ዘይት የሚበቃው ሞተር ፈለሰፈ፤ በ1890 የፈጠራ መብት አወጣበት፤ በግራንታም ከተማ የነበረው የሆርንስቢ ፋብሪካም ከ1892 ጀምሮ ለገበያ አቀረበው። ይህ ሞተር ካንዴላ የለውም። በስተኋላው ያለችው የብረት ጓዳ መጀመሪያ በእሳት ነበልባል ትግላለች፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን ቃጠሎው ራሱ ግለቷን ይጠብቅላታል። በመጨረሻም ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ነበልባልም ካንዴላም ሳይፈልግ፣ አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ብቻ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ሞተር ሠርቶ አስመረመረ።

ከዚህ በኋላ ፋብሪካዎቹ እንደ አሸን ፈሉ። በእንግሊዝ አገር በግሎስተርሻየር አውራጃ፣ ደርስሊ በምትባል ትንሽ ከተማ በ1867 የተቋቋመው የሊስተር ፋብሪካ ከ1926 ጀምሮ «ዲ» የሚል ምልክት የሰጠውን ትንሽ የቤንዚን ሞተር ያወጣ ጀመር። ኃይሉ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ይህም ዛሬ አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ከሚወስደው ኃይል ያነሰ ነው። ቢሆንም በእርሱ ያልተሠራ የእርሻ ሥራ አልነበረም። በአሜሪካም ፌርባንክስ ሞርስ የተባለው ኩባንያ ከ1914 ጀምሮ «ዜድ» የተባለውን፣ ጆን ዲር ደግሞ ከ1923 እስከ 1946 «ኢ» የተባለውን ሞተር ለገበሬው አቀረቡ። በኒውተን፣ አይዋ ይገኝ የነበረው የሜይታግ ፋብሪካ እንኳ ኤሌክትሪክ ላልገባበት ቤት፣ በእግር ተረግጣ የምትነሣ ትንሽ ሞተር የተገጠመላት የልብስ ማጠቢያ ይሸጥ ነበር።

በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለው ሥዕል ሲንቀሳቀስ

ስለ ሞተር አሠራር በክፍል ውስጥ ሳስተምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ አራት ሥዕሎች እሥላለሁ። በመጀመሪያው ምት ፒስቶኑ ወደ ኋላ ሲሸሽ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ይሳባል፤ በሁለተኛው ሲመለስ ይጨመቃል፤ በሦስተኛው ድብልቁ ተቃጥሎ ፒስቶኑን ይገፋል፤ በአራተኛው ጢሱ ይወጣል። ተማሪው ሥዕሉን ይገለብጣል፤ ለፈተናም ያጠናዋል። የዛሬውን የመኪና ሞተር ከፍቶ ቢያይ ግን ከሽፋንና ከሽቦ በቀር የሚታየው ነገር የለም።

የአሮጌዎቹ ሞተሮች ትልቁ ስጦታ እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ ዘንድ ሁሉም ነገር በውጭ ነው። የፒስቶኑ ክንድ ሲመላለስ፣ የታጠፈው ዘንግ ሲዞር፣ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከናስ በተሠራችው ባለ መስተዋት ዕቃ ውስጥ ዘይቱ ጠብ ጠብ ሲል በዐይን ይታያል። ፍጥነታቸውም ዝግ ያለ ስለ ሆነ፣ አንዱ ክፍል ሌላውን እንዴት እንደሚያዝ ቆሞ መከተል ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በአሜሪካ ገበሬዎች ዘንድ የተለመደው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው። ሞተሩ ከተወሰነለት ፍጥነት ሲያልፍ ከመዘውሩ ጋር የሚዞሩ ክብደቶች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ በዚህም ጊዜ አንድ ትንሽ መቀርቀሪያ የጢስ መውጫውን ቫልቭ ክፍት እንደ ሆነ ይይዘዋል። የመሳቢያው ቫልቭ የሚከፈተው በፒስቶኑ የመሳብ ኃይል ብቻ ስለ ሆነ፣ የጢሱ በር ክፍት ሳለ ነዳጅ አይገባም። ነዳጅ ከሌለ ፍንዳታ የለም፤ ሁለቱ ከባድ መዘውሮች ቀድሞ ባጠራቀሙት ኃይል ይዞራሉ። ፍጥነቱ ሲቀንስ መቀርቀሪያው ይለቃል፤ ሞተሩም እንደ ገና ይስባል፤ ይተኩሳል።

ስለዚህ ድምፁ እንደ ሌላ ሞተር ድምፅ አይደለም። አንድ ጊዜ «ጧ!» ይልና ቀጥሎ ፉት፣ ፉት፣ ፉት እያለ ያርፋል፤ ደግሞ «ጧ!» ይላል። ሥራ ሲበዛበት ተኩሱ ይደጋገማል፤ ሥራ ሲፈታ ዕረፍቱ ይረዝማል። አዋቂ ሰው ሞተሩን ሳያይ፣ ከግድግዳ ማዶ ሆኖ ድምፁን በማዳመጥ ብቻ ምን ያህል ጭነት እንዳለበት ይናገራል። ይህ ዓይነት ዕውቀት በመጽሐፍ ቢጻፍም በጆሮ ካልተለማመዱት አይገኝም።

የተጣሉበት ምክንያት

እነዚህን ሞተሮች ከሥራ ያስወጣቸው የራሳቸው ጉድለት ሳይሆን የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በአሜሪካ በ1930ዎቹ አጋማሽ ኤሌክትሪክ የነበረው ከዐሥር እርሻዎች በአንዱ ያህል ብቻ ነበር። በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ፣ በ1936 ሕጉ ሲወጣ ሽቦው ወደ ገጠር ይዘረጋ ጀመር። በእንግሊዝ አገርም በ1948 የኤሌክትሪክ ድርጅቶች የመንግሥት ሀብት ከሆኑ በኋላ መስመሩ ከእርሻ ወደ እርሻ ገባ። ገበሬው ማብሪያውን ሲጫን ብቻ የሚነሣ፣ ነዳጅ የማይቀዳለት፣ ውሃ የማይሞላለት የኤሌክትሪክ ሞተር ሲያገኝ የአያቱን ሞተር ወደ ጓሮ ገፋው፤ በዚህም ሊነቀፍ አይገባውም።

ከዚህም በላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በተለይ በአሜሪካ በ1942 ለጦር መሣሪያ መሥሪያ የሚሆን አሮጌ ብረት ከየመንደሩ ሲሰበሰብ ብዙ ሞተሮች ወደ ማቅለጫው ሄዱ። ከዚያ የተረፉትም በየጊዜው በቁራሌ ነጋዴ እጅ በክብደታቸው ተሸጡ። አንድ ፋብሪካ በሺ የሚቆጠር ሞተር ሠርቶ ዛሬ ጥቂቶቹ ብቻ የሚታወቁበት ጊዜ አለ። የተረፉት የተረፉትም ብዙ ጊዜ በዕቅድ አይደለም፤ ከጉድጓድ አጠገብ ለማንሣት ስለ ከበዱ፣ ወይም በፈረሰ ጎተራ ሥር ስለ ተረሱ ነው።

የወዳጆቹ ማኅበር

መጀመሪያ መሰብሰብ የጀመሩት በአብዛኛው ሞተሮቹን በሥራ ላይ ያውቋቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ1950 በአይዋ ክፍለ አገር በማውንት ፕሌዘንት ከተማ የአሮጌ መውቂያ መኪኖች ወዳጆች ተሰብስበው በዓል አደረጉ፤ ይኸው በዓል በየዓመቱ የሚደረግ ሆነ። በ1966 በአሜሪካ ስለነዚሁ ሞተሮች ብቻ የሚጽፍ መጽሔት ተመሠረተ፤ በእንግሊዝ አገርም በ1974 ተመሳሳይ መጽሔት ወጣ። በዶርሴት አውራጃ በ1969 የተጀመረው ታላቅ የእንፋሎት ትርዒት ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶ፣ እስከ መጨረሻው እስከ 2022 ድረስ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይጎርፍለት ነበር።

ለሞተሮቹ የተሠሩ ቤተ መዘክሮችም አሉ። በእንግሊዝ አገር በፖይንተን፣ ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ይወጣበት በነበረ ቦታ ላይ የአንሰን የሞተር ቤተ መዘክር ተቋቁሟል። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ክፍለ አገር በ1985 የተመሠረተው የኩልስፕሪንግ ቤተ መዘክር ደግሞ በታላላቅ የጋዝ ሞተሮቹ የታወቀ ነው። የፔንሲልቬንያ ምዕራባዊ ክፍል የአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ኢንዱስትሪ የተጀመረበት አገር ስለ ሆነ፣ በዚያ አንድ ዝግ ያለ ትልቅ ሞተር በመሬት ላይ በተዘረጉ ረጃጅም የብረት ዘንጎች አማካይነት ብዙ የዘይት ጉድጓዶችን በአንድ ጊዜ ይስብ ነበር። ለነዳጅ የሚሆነውም ከዚያው ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ ነው።

በትርዒት ቀን ባለቤቱ ሞተሩን በጋሪ አምጥቶ ከተሰጠው ቦታ ያቆማል፤ ገመድ ይዘረጋል፤ ወንበሩን አስቀምጦ ይቀመጣል። ሞተሩም ሥራ ፈት እንዳይሆን ትንሽ የውሃ መሳቢያ፣ የበቆሎ መፈልፈያ ወይም ዲናሞ ይታሰርለታል። ልጆች ከገመዱ ውጭ ቆመው ይጠይቃሉ፤ ሽማግሌዎች «ይኸማ አባቴ ዘንድ ነበረ» እያሉ ያልተጠየቁትን ይናገራሉ። ሞተሩን ያመጣው ሰው ስለ ሞተሩ የሚያውቀውን ግማሽ ያህል የሚያገኘው ከእነዚህ ሽማግሌዎች አፍ ነው።

የተጣበቀውን ፒስቶን ማስለቀቅ

አሁን ወደ ሥራው ክፍል እንግባ። አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ዝናብ ሲወርድበት የኖረ ሞተር አገኘ እንበል። ልምድ የሌለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መዶሻ ማንሣት ነው። ልምድ ያለው ግን መጀመሪያ የሚያነሣው ካሜራና እርሳስ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ሳይፈታ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የተፈታው በየሣጥኑ ተከፍሎ ስሙ ይጻፍበታል። በሞተሩ ላይ የተለጠፈችው የናስ ሰሌዳም በጥንቃቄ ትጠበቃለች፤ በላይዋ ያለው ቁጥር በፋብሪካው መዝገብ ከተገኘ ሞተሩ የተሠራበትን ዓመት፣ አንዳንዴም መጀመሪያ የተሸጠበትን ከተማ ይናገራልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ፈተና በዝገት ከሲሊንደሩ ጋር የተጣበቀው ፒስቶን ነው። በብረት መዶሻ ቢመቱት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ፒስቶን ደግሞ ገበያ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ናፍጣ ወይም ሰርጎ የሚገባ ቀጭን ዘይት ያፈሱበትና ይጠብቃሉ፤ አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በየጊዜው ጠንካራ እንጨት ደግፈው በቀስታ ይገፉታል፤ ለስለስ ባለ እሳትም ውጩን ያሞቁታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ አንድ ቀን ፒስቶኑ የፀጉር ውፍረት ያህል ይንቀሳቀሳል። ያን ቀን የባለቤቱ ደስታ ሞተሩ ከሚነሣበት ቀን ደስታ አያንስም።

ሌላው የተለመደ ጉዳት የብርድ ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች ሲሊንደራቸውን የሚያቀዘቅዙት ከላያቸው ባለው ክፍት የውሃ ገንዳ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይጨምራል። አንድ ገበሬ በክረምት ማታ ውሃውን ሳያፈስ ከተኛ፣ ጧት የብረቱ ግድግዳ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ስንጥቁን መበየድ እጅግ ከባድ ሥራ ነው፤ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ትኩስ ብየዳ ሲያርፍ ሌላ ስንጥቅ ያመጣልና። ስለዚህ አንዳንዱ ብረቱን በሙሉ አግሎ ይበይዳል፤ አንዳንዱም በብረት ስፌት ዓይነት፣ ቁልፍ መሳይ ቁራጮችን በስንጥቁ ላይ በመቅበር ይገጥመዋል።

ዝገት ለማውጣት ደግሞ የኬሚስትሪ ትምህርት ያገለግላል። የዛገው ቁራጭ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይንጠለጠልና ከባትሪ መሙያው አሉታዊ ጫፍ ጋር ይገናኛል፤ አዎንታዊው ጫፍ ከሌላ አሮጌ ብረት ጋር ይታሰራል። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ዝገቱ ይላላል፤ ደኅናው ብረት ግን አይነካም። በዚህ ጊዜ በቀላሉ የሚፈነዳ የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ ሥራው አየር በሚገባበት ቦታ መሆን አለበት፤ ለአዎንታዊው ጫፍም የማይዝግ ብረት መጠቀም አይገባም፤ መርዝ ያወጣልና።

ኩሽኔታዎቹም የራሳቸው ጥበብ አላቸው። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ዘንግ የሚያርፈው በዛሬው ዓይነት ባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ ሳይሆን፣ አይዛክ ባቢት የተባለው አሜሪካዊ በ1839 የፈጠራ መብት ባወጣበት ለስላሳ ነጭ ብረት ላይ ነው። ይህ ሲያልቅ አዲሱ ቀልጦ በቦታው ይፈሳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ዘንጉን ሰማያዊ ቀለም ቀብተው እያዞሩ የነካውን ቦታ በመፋቂያ ይፍቃሉ፤ እንደ ገና ይቀባሉ፤ እንደ ገና ይፍቃሉ። ዘንጉ በሁሉም በኩል እኩል እስኪያርፍ ድረስ ትዕግሥት ነው። ይህን ሥራ በእጁ የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ያልተማረው ሰው በኋላ በግምት ይቸገራል።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅም ጥንቃቄው አያልቅም። የማስነሻውን እጀታ ሲይዙ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን መሆን አለበት፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ እጅን የሚሰብረው እጀታውን ዙሪያውን የጨበጠ ሰው ነው። ልቅ ልብስ ለብሶ ወደ መዘውሩ መጠጋት፣ ስንጥቅ ያለበትን መዘውር ማዞር ለሞት የሚያበቃ ነገር ነው።

ይቀባ ወይስ አይቀባ?

በወዳጆቹ መካከል ዘወትር የሚያከራክር አንድ ጥያቄ አለ። ሞተሩ ከተጠገነ በኋላ እንደ አዲስ ይቀባ ወይስ እንዳለ ይተው?

የመጀመሪያዎቹ ወገኖች «ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አረንጓዴው የሚያበራ፣ ናሱ የሚያንጸባርቅ ነበር፤ ወደ ቀድሞ ክብሩ እንመልሰው» ይላሉ። ቀለሙን አጥንተው፣ የፋብሪካውን ምልክት ከአሮጌ ሥዕል ገልብጠው ይቀባሉ። ሁለተኛዎቹ ግን «ሃምሳ ዓመት የሠራ ሰው ፊቱ ላይ ያለው መጨማደድ ታሪኩ ነው፤ የሞተርም እንዲሁ» ብለው ይመልሳሉ። በእነርሱ ዘንድ ሞተሩ በዘይት ጨርቅ ይወለወላል እንጂ አይቀባም። ገበሬው በሽቦ የጠገናት ክንድ፣ የመንደር ቀጥቃጭ የሠራት ቡሎን፣ እጅ ሲነካው ያለሰለሰው ጠርዝ ሁሉ ማስረጃ ነው፤ አንድ ጊዜ ተፍቆ ከጠፋ የሚመልሰው የለም።

እኔ በበኩሌ ወደ ሁለተኛዎቹ አደላለሁ። ቀለም በማንኛውም ጊዜ ሊቀባ ይችላል፤ የጠፋ ምልክት ግን ተመልሶ አይገኝም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሞተሩ መነሣት አለበት። የማይነሣ ሞተር ሐውልት ነው። ሲነሣ ግን ማን እንደሚያስነሣው፣ ዘይቱን ስንት ጠብታ እንደሚያደርግለት፣ ድምፁ ሲለወጥ ምን እንደ ጎደለው የሚያውቅ ሰው የግድ አብሮት ይኖራል። ሞተሩን በሥራ ላይ ማኖር ማለት ያንን ሰው ማኖር ማለት ነው።

የወፍጮ ቤቱ ዘመድ

አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን የእነዚህ ሞተሮች ዘመድ ከእኛም አገር አለ። የሊስተር ፋብሪካ በ1930 ግድም «ሲ ኤስ» ብሎ የሰየመውን፣ ቀዝቃዛ ሳለ ያለ ነበልባል የሚነሣ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አውጥቶ ነበር። ኃይሉ አምስት የፈረስ ጉልበት፣ ዙሩ በደቂቃ 600 ብቻ ነው፤ በኋላ ወደ ስድስት የፈረስ ጉልበትና ወደ 650 ዙር ከፍ አለ። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ስለ ነበረ በሕንድ አገር በራጅኮት ከተማ ያሉ ፋብሪካዎች አምሳያውን እየሠሩ ለእስያና ለአፍሪካ ገበያ አቀረቡት። በአገራችን በወረዳ ከተሞችና በገጠር መንደሮች ወፍጮ ሲያዞሩ የኖሩት፣ ከጎናቸው የማቀዝቀዣ ውሃ በርሜል የቆመላቸው፣ ድምፃቸው ከኮረብታ ማዶ የሚሰማ ባለ ትልቅ መዘውር የናፍጣ ሞተሮች የዚሁ ቤተ ሰብ ወይም የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው።

እነዚህ ሞተሮች ለእናቶቻችን የሠሩት ውለታ ቀላል አይደለም። ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው እህል ሲፈጩ የኖሩ ሴቶች ሸክሙ የቀለለላቸው ሞተር ወፍጮ መንደራቸው ሲደርስ ነው። ዛሬ ግን መብራት በገባበት ቦታ ሁሉ ወፍጮው ወደ ኤሌክትሪክ እየተዛወረ ነው። መዛወሩ መልካም ነው፤ ጢሱ ይቀንሳል፤ ድካሙም ይቀላል። ነገር ግን የናፍጣው ሞተር ከቦታው ሲነሣ የሚጠብቀው ያው በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የታየው ዕጣ ነው፤ በክብደቱ ተሸጦ ወደ ማቅለጫ። ያን ሞተር ሠላሳ ዓመት ያስነሣው ባለ ወፍጮም ዕውቀቱን ይዞ ይቀመጣል፤ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ለዚህ ትልቅ ገንዘብ ወይም ትልቅ ጋራዥ አያስፈልግም። ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ፣ ወይም በወረዳ መሥሪያ ቤት የተመደበ ጸሐፊ፣ አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ካለው ይበቃዋል። ወፍጮ ቤቱ ሄዶ ባለቤቱን አስፈቅዶ የሞተሩን ሰሌዳ ይገልብጥ፤ ፎቶግራፍ ያንሣ። ከዚያም አጠገባቸው ተቀምጦ ይጠይቅ። «አባባ፣ ይህን ሞተር ከማን ገዙት? በምን ተጭኖ መጣ? መለዋወጫ ሲጠፋ በምን ይጠግኑት ነበር? ድምፁ ሲለወጥ ምን እንደ ሆነ በምን ያውቃሉ?» ቢል፣ ሽማግሌው የሚሰጡት መልስ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አይገኝም።

የእንግሊዝ አገርና የአሜሪካ ሰዎች መሰብሰብ የጀመሩት ብዙው ከቀለጠ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አንዲት የናስ ሰሌዳ ፍለጋ አገር ያቋርጣሉ። እኛ ገና ሞተሩም አለን፤ ሞተሩን የሚያውቁት ሰዎችም አሉን። የሚቀረው ሄዶ መጠየቅ ብቻ ነው፤ እርሱም ሳይውል ሳያድር ቢሆን ይሻላል።